ለአርባ ወንበሮች የተጻፈ ቃል

በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ ከአንድ ቧንቧ የሚቀዱ፣ በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ጠዋት ጠዋትም በአንድ አውቶቡስ የሚሳፈሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ከዚህ ሌላ የሚያመሳስላቸው ነገር ቢፈለግ ግን ፈላጊው ይደክማል። አንደኛው አናጺ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበር ሲሠሩ ኖረዋል። ቃል ከአፋቸው የሚወጣው ወረፋ ጠብቆ ነው፤ ጠዋት «ደኅና አደራችሁ» ካሉ እስከ ምሳ ሌላ የማይጨምሩበት ቀን ብዙ ነው፤ ሲጨምሩም «ኮላው ቀጥኗል» ወይም «በሩን ዝጉት» ከማለት አያልፉም። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ የዚያው ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ። እሷ ደግሞ አዲስ ቃል ስታገኝ እንቅልፍ የሚነሣት ሰው ናት፤ ታገላብጠዋለች፣ ደብተሯ ላይ ታሰፍረዋለች፣ ከዚያም ጆሮ ያለው ሁሉ ካልሰማልኝ ትላለች። ታናሽ ወንድሟ «መዝገበ ቃላት» የሚል ስም ካወጣላት ዓመታት አልፈዋል፤ እናቷ እንኳ ስትቸኩል በትክክለኛ ስሟ መጥራት ትታለች።

አባቷ የሞተው እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተሯን በቡናማ ወረቀት የሸፈኑላት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው የጠበቋት፣ ፈተና ባለፈች ቁጥር ምንም ሳይናገሩ ራሷን ዳበስ አድርገው ወደ ሥራቸው የተመለሱት አናጺው አጎቷ ናቸው። ፋብሪካው ሰው ሲፈልግ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተው «የወንድሜ ልጅ ማንበብ ትወዳለች» ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሥራ አገኘች።

ፋብሪካው ወንበሮቹን የሚልከው ባሕር ማዶ ላለ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ደንበኛ ስለሆነ ተቆጣጣሪዋ የምትሞላው ቅጽም በፈረንሳይኛ ነው። እውነቱን ለመናገር ለቅጹ ሃያ ቃል ይበቃል፤ «ጥሩ»፣ «ተስተካክሏል»፣ «እግሩ ያነክሳል» የሚሉትን ያወቀ ሰው ሌላው ትርፉ ነው። ለእሷ ግን ሃያ ቃል ቀርቶ ሃያ ሺህም አይበቃትም። ስለዚህ በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ውስጥ ለሚሰጡት ትምህርት ተመዘገበች።

የአስተርጓሚዋ አሠራር ከማንም የተለየ ነው። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አላቸው፤ ውስጡ የተጠቀለሉ ወረቀቶች፣ በየወረቀቱም አንዳንድ ከባድ የፈረንሳይኛ ቃል አለ። ተማሪው አንድ ያወጣል፤ በሳምንቱም ያንን ቃል ከዚያ ሳሎን ውጪ፣ ትርጉሙን ለሚረዳ ሰው፣ ለእውነተኛ ጉዳይ ተጠቅሞበት መምጣት አለበት። ያልተጠቀመበት ትምህርቱ እስኪያልቅ ቆሞ ይማራል። ፋርማሲስቱ ሁለት ጊዜ ቆሟል። ፎቶ አንሺውማ ከወንበሩ ይልቅ ግድግዳውን ለምዶታል። ተቆጣጣሪዋ ግን አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም፤ ይህንንም ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጡ ሰዎችም ሳያውቁት አይቀሩም።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያወጣችው ወረቀት «ሬዲቢቷር» ይላል።

«ይህ የፍርድ ቤት ቃል ነው» አሉ አስተርጓሚዋ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው። «አንድ ሰው በሸጠው ዕቃ ላይ ሽያጩን የሚያፈርስ ጉድለት ሲገኝ ነው የሚባለው። ጥገና አይቀበልም፤ ይቅርታም አይቀበልም። ይህ ቃል ከተባለ በኋላ የሚቀጥል ውይይት የለም።»

«ለሰውስ ይባላል?» አለ ፎቶ አንሺው ከግድግዳው።

«ለሰው ጠባይ ይባላል። ላገባ ነው ብለህ ስታበቃ እግርህን የማትታጠብ ከሆንክ ሙሽራዋ ልትልህ ትችላለች።»

ሳሎኑ ሳቀ። ተቆጣጣሪዋ ቃሉን በሹክሹክታ ደጋገመችው። መጨረሻው ላይ ከንፈር ሾጠጥ ይልና ይከፈታል፤ አፍ ውስጥ እንደ ከረሜላ የሚሟሟ ቃል ነበር።

ሳምንቱ ግን አልተመቻትም። ከሳሎኑ ውጪ ቃሉን የሚረዳ ሰው ቢኖር ያ የባሕር ማዶው ደንበኛ ብቻ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የሚጻፈው በቅጹ ላይ ነው። ሰኞና ማክሰኞ እንከን የሚባል ነገር አልመጣላትም። ረቡዕ ዕለት አንድ ጠረጴዛ እግሩ ተሰንጥቆ ሲመጣ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ሠሪው ግን ብዕሯን ሳታነሣ «አንዴ ስጪኝ» ብሎ ወሰደና እግሩን ቀይሮ መለሰው። ሐሙስም እንዲሁ አለፈ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አርባ ወንበሮች ቀረቡላት። የአጎቷ እጅ ሥራ ነበሩ።

የአጎቷን ወንበር ለመለየት ገልብጦ ማየት ይበቃል። መቀመጫው ላይ፣ መደገፊያው ላይ፣ እግሮቹ ላይ ጣት ሲሄድ የሚያደናቅፈው ነገር የለም። ከመቀመጫው ሥር ግን፣ ማንም በማያየው በኩል፣ የብርጭቆ ወረቀት አይነካውም፤ የመላጊያው መንገድ እንደ ታረሰ ማሳ መስመር መስመሩን ይዞ እዚያው ይቀራል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ወንበር የሚነሣው ከሥሩ ተይዞ ነው፤ የለሰለሰ ነገር ከእጅ ያመልጣል» ይላሉ፤ ይህም ከረጃጅም ንግግሮቻቸው አንዱ ነው። እሷ ልጅ ሳለች ከቤታቸው ወንበር ሥር በጀርባዋ ተኝታ እነዚያን መስመሮች በጣቷ እየተከተለች ነው ያደገችው።

የትእዛዙ ወረቀት ላይ «ገጾቹ ሁሉ የለሰለሱ ይሁኑ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ደንበኛው ግን እስከ ዛሬ በተላኩለት በመቶ የሚቆጠሩ ወንበሮች አንድም ቀን ስለ መቀመጫቸው ሥር ተንፍሶ አያውቅም፤ ይህንን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰዓቱ ግን አሥር ሆኗል፤ ነገ ቅዳሜ ነው፤ አሥራ አንድ ሳምንት ተቀምጣ የተማረች ሰው ነገ ከፎቶ አንሺው ጎን ልትቆም ነው። «ጉድለት» በሚለው መስመር ላይ ብዕሯ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ጻፈች፦ የመቀመጫዎቹ የሥር ገጽ አልለሰለሰም፤ ሬዲቢቷር የሆነ ጉድለት ነው።

ደግማ አነበበችው። ዓረፍተ ነገሩ እንደ አዲስ ጫማ አብረቀረቀባት። ሥራ አስኪያጁ ፈረንሳይኛ ስለማያነብ እንደ ወትሮው ማኅተሙን አሳርፎ መለሰላት፤ ቅጹም ከወንበሮቹ ፎቶግራፍ ጋር በዚያው ሰዓት ተላከ። ወንበሮቹ መልሱን ለመጠበቅ መጋዘን ገቡ።

በማግስቱ በሳሎኑ ውስጥ ስትናገር አስተርጓሚዋ አጨበጨቡላት።

«በእውነተኛ ሰነድ ላይ! ይኼ ነው ትምህርት» አሉ። ከዚያም ጠየቁ፤ «ጉድለቱ ምን ነበር?»

«ሥሩ አልለሰለሰም።»

«የምኑ ሥር?»

«የመቀመጫው።»

አስተርጓሚዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩአትና ወደ ፋርማሲስቱ ዞሩ። ያ እይታ ከበዳት። እሷ ግን ተቀምጣ ነበር፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ ቆሞ ነበር፤ ለጊዜው በዚህ ተጽናናች።

በሦስተኛው ሳምንት የደንበኛው ደብዳቤ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠርቶ እንድትተረጉምለት ሰጣት። ስድስት መስመር ነበር። በሁለተኛው መስመር ላይ የገዛ ቃሏ በጥቅስ ምልክት ታጥሮ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ተቆጣጣሪያችሁ ራሷ ጉድለቱን «ሬዲቢቷር» ብላ ስለ መደበችው አርባዎቹን ወንበሮች አንቀበልም፤ ወደፊትም በዚህ ሠራተኛ እጅ የተሠራ ዕቃ እንዳትልኩልን፤ ይላል።

ጮክ ብላ ስትተረጉም «ተቆጣጣሪያችሁ ራሷ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ዘለለቻቸው። የቀረውን ሁሉ በትክክል ተረጎመች።

«አንቺ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

ውሸት ነው እንዳይባል ሥሩ በእርግጥ አልለሰለሰም፤ እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ የሰማው ሰው እውነቱን አላወቀም።

«መቼም አንቺ አትሳሳቺም» አለ፤ ይህም ከስድብ የባሰ ሆነባት። «ጋሽዬ አጎትሽን ግን ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ለጊዜው ወደ ማሸጊያ ክፍል ይሂዱ። እዚያ ሣጥን መምታት ነው፤ ለሣጥን ማን ይጨነቃል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ወንበር የሠሩ ሰው እንዲህ ሆኖ የሌሎች ሰዎች ወንበር የሚገባበት ሣጥን ላይ ሚስማር መምታት ጀመሩ። አላጉረመረሙም፤ እሷን ያስፈራትም ይኸው ነው። ቢቆጡ፣ ደንበኛውን ቢረግሙ፣ ምሳ አልበላም ቢሉ ትንሽ ትተነፍስ ነበር። እሳቸው ግን ፍርዱን አመኑት። ከሥራ ሲመለሱ መስኮቱ አጠገብ ቆመው መዳፋቸውን በብርሃን እያገላበጡ ሲያዩ አገኘቻቸው። በሳምንቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ሐኪሙም መርምሮ «አባቴ፣ እርስዎ ከእኔ ይሻላሉ» ብሎ ሸኛቸው፤ እሱንም አላመኑትም።

አውቶቡስ ውስጥ ልትነግራቸው ስንት ጊዜ ጀምራ ስንት ጊዜ ተወችው። «ጋሼ» ትላለች። «አቤት» ይላሉ። እሷም ወደ መስኮቱ ትዞራለች። «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል።» እሳቸውም በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩና «ብሏል» ይሏታል። በሺህ የሚቆጠር ቃል ያጠራቀመችው ሴት አራት ቃል አጥታ ከጣቢያ ጣቢያ ትሄዳለች፤ «እኔ ነኝ የጻፍኩት ጋሼ»፤ ያን ያህል ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ገና ከሥራ እንደ ገቡ የክፍሏን በር አንኳኩ። የደብዳቤውን ቅጂ ይዘዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ ይዘሻል?»

«አልያዝኩም ጋሼ፣ ይግቡ።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ጥፋቷ በሁለተኛው መስመር ላይ ተጽፎ እጃቸው ውስጥ ነበር፤ ፈረንሳይኛውን ማንበብ ቢችሉ ኖሮ አንዲት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ወፍራም ጣታቸውን የጥቅስ ምልክቱ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ያጠሯት ቃል ምንድን ናት?»

«ጉድለት አለበት ማለት ነው፤ ትንሽ ጉድለት።»

«ለትንሽ ጉድለት አርባ ወንበር አልቀበልም አይባልም። አታባብዪኝ።»

ነገረቻቸው። የፍርድ ቤት ቃል መሆኑን፣ ጥገናም ይቅርታም እንደማይቀበል፣ ከእሱ በኋላ ውይይት እንደሌለ፣ አስተርጓሚዋ እንዳሉት አድርጋ ነገረቻቸው። ማን እንደ ጻፈው ብቻ አልነገረቻቸውም።

«በይ አስጠኚኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ቃሏን ነዋ። የተፈረደብኝን ነገር ስሙን እንኳ ልወቀው።»

«ሬ» አለች።

«ሬ።»

«ዲ።»

ሁለት ጊዜ ተሰናከሉ፤ ሦስተኛው ላይ «ቢ»ውን ዋጡት፤ በአምስተኛው ሙከራ ግን እንደ ተገጣጠመ እንጨት ክፍተት ሳይኖረው ወጣላቸው። «ሬዲቢቷር» አሉ ቀስ ብለው። «ጎበዝ» ልትላቸው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «እንዲያው ስትሰማ ታምራለች» አሏት፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ቤተኛ ሆነ። እናቷ ሾርባው ጨው በዝቶበታል ስትል አናጺው ቀምሰው «በዝቷል፤ ሬዲቢቷር ግን አይደለም» አሉ። የታናሽ ወንድሟ ታክሲ በሩ አልዘጋ ሲል ሁለት ጊዜ ገፍተው አዩትና «ይታገሣል፤ ሬዲቢቷር አይደለም» ብለው ፈረዱ። የእናቷ ጉልበት፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ሌሊት ሙሉ የሚጮኸው የጎረቤት ውሻ በየተራ ቀረቡ፤ ሁሉም በነጻ ተለቀቁ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ይሄ ቃል መቼ ነው የሚያገለግለው? እንዲሁ ተሸክመውት ሊኖሩ ነው?» አለ ወንድሟ እየሳቀ።

«እንጃ፤ ከባድ ቃል ነው። እስካሁን የሚመጥነው አላገኘሁም።»

«መዝገበ ቃላትን ይጠይቋት። እሷ እንዲህ ያለውን ሦስት ቃል በአንድ ቁርስ ትጨርስ ነበር።»

እናቷም ሳቀች። ተቆጣጣሪዋ ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። በአስተርጓሚዋ ሳሎን ውስጥ በተቀመጠችበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ አድርጎ ቃል የመዘነ ሰው አላየችም። በአምስት ቀን የሚመጥነው ነገር ያጣችለትን ቃል እሷ በመጨረሻው ሰዓት ባገኘችው ሰው ላይ ጣለችው፤ ያም ሰው ይኸው አሁን ከዳቦው ቆርሶ የበለጠውን ወደ እሷ እየገፋ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ደስታ መሆን ነበረበት። በዋናው መሥሪያ ቤት ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አንድ ኃላፊ የደንበኛውን ደብዳቤ አይቶ «እንዲህ ያለ ቃል የምትጽፍ ተቆጣጣሪ ማን ናት?» ብሎ አስጠየቀ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሹመት መጣላት፤ የውጭ ደንበኞች ደብዳቤ ጸሐፊ፣ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ስልክ። ወሬውን ቀድማ የሰማችው እናቷ ነበረችና ተቆጣጣሪዋ አፏን ሳትከፍት ግቢው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ብሏት ጨረሰ። እናቷ አዲስ ኮት እንድታሰፋ ጨርቅ ገዛችላት፤ ጨርቁ ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀመጠ፣ እሷም በአጠገቡ ስታልፍ ዓይኗን ታሸሽ ጀመር።

እሑድ ለምሳ ተሰበሰቡ። ወንድሟ ኬክ ይዞ መጣ፤ እናቷ ጥሩውን የጠረጴዛ ልብስ አወጣች። አናጺው ኮታቸውን ለብሰው፣ በእጃቸው የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዘው ገቡና ሣጥኑን በሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«ወንድም ጋሼ፣ ለምሳ መጋዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ሥጋው ጠንክሯል ተብለዋል?» አለች እናቷ።

«ቆይ እነግርሻለሁ» አሉ።

ሾርባው ካለቀ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ፤ ጉሮሮ ጠርገው ሲናገሩ ሰምቷቸው የሚያውቅ አልነበረምና።

«የዛሬው ቀን የልጃችን ነው፤ እኔ እግረ መንገዴን ነው የምናገረው። ሥራ አስኪያጁ ትናንት ጠራኝ። ሌላ ደንበኛ ተገኝቷል፣ ወደ ቦታዎ ይመለሱ አለኝ።»

«እሰይ» አለች እናቷ።

«አልመለስም አልኩት።»

«ምነው?»

«ያቺን ቃል መዋያ አገኘሁላት።» ሁለት እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው መልሰው አስቀመጧቸው። «እነዚህ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል፤ አሁን ሬዲቢቷር ሆነዋል። አንድ ሌላ ሰው ወንበርህን አልቀበልም እስኪለኝ ምን አስጠበቀኝ? መሣሪያዎቹን ለዚህ ለልጅሽ አምጥቻለሁ። ያስቀምጣቸው፣ ይስጣቸው፣ እንደ ፈለገ።»

ወንድሟ ዞሮ ሣጥኑን አየ። እናቷ «ምን ነካዎት ወንድም ጋሼ» ብላ ወደ ልጇ ዞረች፤ አዋቂ ናትና አንድ ነገር ትበልልኝ ብላ።

ተቆጣጣሪዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነበር። መቼ እንደ ተነሣች አላወቀችም።

«ጋሼ፣ ያንን ቃል ደንበኛው አይደለም ያመጣው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«የቱን?»

«ሬዲቢቷርን። ቅጹ ላይ። እሱ የእኔን ቃል ነው መልሶ የጻፈው፤ ደብዳቤው ላይም ተቆጣጣሪያችሁ ራሷ ብላለች ይላል። ስተረጉም አስቀረሁት።»

እናቷ «ምን ማለትሽ ነው?» አለች በቀስታ።

«ቅዳሜ ትምህርት ቤት እንዳልቆም ብዬ ነው እማዬ። የሳምንቱ ቃሌ ነበር፤ የምጽፍበት ነገር አጣሁ። ወንበሮቹ ምንም አልነበራቸውም። ቃሉ ምን እንደሚያደርግ ሳላውቅ ጻፍኩት እንዳልል ተነግሮኝ ነበር፤ ዐውቄ ነው የጻፍኩት።»

አናጺው ቀና ብለው አዩአት። «ላለመቆም» አሉ።

«ላለመቆም።»

«እንዲያው እኔ ዓይን ሐኪም ዘንድ ስሄድ ታውቂ ነበር?»

«ዐውቅ ነበር ጋሼ።»

ወንድሟ ኬኩን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ «እና አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አላት፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛ ስሟ ጠራት።

«ዋናው መሥሪያ ቤት አልሄድም። ጨርቁን መልሺው እማዬ፤ ገና አልተቆረጠም። ነገ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሥራ አስኪያጁ ዘንድ እገባና ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች፣ ያስቀረሁትን ሳላስቀር፣ አነብለታለሁ። እዚያው ፊቱ ቁጭ ብዬ ለደንበኛው በራሴ ስም እጽፋለሁ፤ አርባዎቹ ወንበሮች እንከን የላቸውም፣ ጥፋቱ የተቆጣጣሪዋ ነው ብዬ። ከቁጥጥር ያነሡኛል፤ ምናልባትም ያስወጡኛል። ቢያስወጡኝም እጽፈዋለሁ፤ ጋሼም ይቅር አሉኝ አላሉኝ እጽፈዋለሁ። ይህንን ከሰው ከምትሰሙት ዛሬ ከእኔ ስሙት ብዬ ነው።»